አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው፦ በንባብ ማኅበራችን ዓመታዊ ቀን፣ ጎንደር ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ ወንበር አልቆባችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

አስተባባሪዎቹ የላኩልኝ ደብዳቤ «ንባብ ለትውልድ ግንባታ በሚል ርእስ የሃያ ደቂቃ ንግግር እንዲያደርጉልን» ይላል። ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ግን በዚህ ርእስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ተናግሬበታለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ያኔ ተማሪዎቼ ነበራችሁ፤ ስናገርም እንቅልፍ ይወስዳችሁ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው፣ አትሳቅ፣ አንተን ነው። ዛሬ ደግሜ ላስተኛችሁ አልፈልግም። በዚህ ክረምት ስላነበብኩት ነገር ላጫውታችሁ፤ ትውልዱን ሌላ ሰው ይገንባው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ ጭቃው አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮልኝ ሁለት ወር ቤት ዋልኩ። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሬዲዮ እንኳ አይሰማም። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል፣ እግሬን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ የራሱን የወገብ ሕመም አውርቶ ይሄዳል። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ መጣችና «እትዬ፣ ይህን ይሞክሩት» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ፋንታሲ ነው። አስማተኛ አለበት፣ ዘንዶም አለበት።»

«የተሰበረው እግሬ ነው፤ ጭንቅላቴ ደህና ነው» አልኳት። ይህን ማለቴን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጽሐፉን የጻፈችው ኡርሱላ ለግዊን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ በፈረንጆቹ 1968 ነው የታተመው። ኧርዝሲ ስለሚባል፣ ባሕር መሃል በተበተኑ ደሴቶች የተሞላ ዓለም ይተርካል። ባለታሪኩ የፍየል እረኛ ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞታበታለች፤ አክስቱ የመንደሩ አዋቂ ናት። አንድ ቀን አክስቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድም ያለች ፍየልን በሆነ የግጥም ቃል ስትጠራትና ፍየሏ ዘልላ ስትወርድ ይሰማል። በነጋታው ተራራ ላይ ያንኑ ቃል፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ለመንጋው ይጮኸዋል። ፍየሎቹ መጡ። ሁሉም፣ ባንዴ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው አፍጥጠው አዩት። ልጁ ሳቀና ደገመው። አሁን ተጣብቀው ከበቡት፤ ሲሮጥ አብረውት ሮጡ፤ መሃላቸው እንደተጣበቀ እያለቀሰ መንደር ገባ።

እኔ በለሳ ፍየል ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ። ፍየል ሲጠሯት የምትመጣ እንስሳ አይደለችም። ጨው ይዘህ ጠርተሃት እንኳ ቆማ ታስብበታለች። ስለዚህ ያ ገጽ ላይ ስደርስ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ የፈራሁትም እኔ ነኝ። ቋንቋው ከበደኝ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ በቀን አሥር ገጽ ነበር የምሄደው፤ ፍየሎቹን ግን ያለ መዝገበ ቃላት አወቅኋቸው።

ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አንድ አረጋዊ መምህር ይመጣል። ልጁ ልብሱን አውልቆ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከወዲያ ማዶ ሲወጣ መምህሩ ክንዱን ይዞ እውነተኛ ስሙን በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ስም አለው። አንዱ ሰው ሁሉ የሚጠራው ነው፣ የወፍ ስም ነው፤ ሁለተኛውን የሚያውቁት ነፍሱን ቢሰጣቸው የማይሠጋባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱም በዚያ አገር የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዝዘዋል። ንፋስን፣ ድንጋይን፣ ሰውን። ይኸው ልጅ ኋላ አድጎ አንድ ዘንዶን ያስገበረው በጦር አይደለም፤ የድሮ ታሪክ አገላብጦ ስሙን ስለደረሰበት ነው።

መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስቀመጥኩና ዝናቡን ሰማሁ። «ይህማ ክርስትና ነው!» አልኩ ብቻዬን።

ምን ለማለት እንደፈለግኩ እዚህ ያላችሁ የአብነት ተማሪዎች ቀድማችሁኛል። በግእዝ ስም ሲበዛ ምን ይሆናል? አስማት። አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው። አማርኛችን ይህን ቃል ወስዶ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ፤ «አስማተኛ» ሲባል ልጅ ይደነግጣል። ቃሉን ግን ገልጠን ብናየው ውስጡ ያለው ስም ነው። ያቺ አሜሪካዊት አንድ ሙሉ ዓለም የሠራችበትን ሐሳብ፣ እኛ በአንዲት ቃል ሸክፈን፣ ምን እንደሆነ ረስተን፣ በየመንደሩ ስንሸከመው ኖረናል።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ፊደል አልቆጠረችም። የክርስትና ስሜን ስትነግረኝ በሩን ዘግታ ነበር። «ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ለሌላ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለምን ስላት «ስምሽንና የእናትሽን ስም ያወቀ ደብተራ ያሻውን ያደርግሻል» አለች። ማታ ውጭ ስሜ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እንዳልል ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፣ ያ ነገር ግን የሚጠራው አንዴ ነው። በሽታም ከፍቶ ከሆነ ስሙን አትጠራውም፤ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብላ ታልፈዋለች። እናንተስ ቤት እንዲህ አልነበረም? እዚህ አዳራሽ ውስጥ የክርስትና ስሙን ለጎኑ ሰው አሁን ጮክ ብሎ የሚናገር ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ። ዲግሪ ያላችሁም አላወጣችሁም።

(በነገራችን ላይ፣ ከናንተ መሃል መጽሐፉን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ የሚል ካለ፣ ዊዛርድን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ያስብበት። ጠንቋይ ካልነው ልጁን ሰደብነው፤ ጠቢብ ካልነው ሰሎሞን መሰለ። ደብተራ ብለው ደግሞ በማግሥቱ ቤቴ ድረስ የሚመጡ የማውቃቸው ሊቃውንት አሉ።)

የስሙ ነገር በአያቴ ጓዳ ብቻ አይደለም ያለው። መጽሐፈ ሄኖክን ተመልከቱ። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በፈረንጆቹ 1770 እዚህ ጎንደር ገብቶ፣ እቴጌ ምንትዋብ ደጅ ከርሞ ሲመለስ፣ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄዶ ነው አውሮፓ ያየችው። መላእክት ከሰማይ ወርደው የሰው ልጆችን ያገባሉ፣ ረጃጅም ኀያላን ይወለዳሉ፣ ሄኖክ የነፋስንና የበረዶን ግምጃ ቤት እየዞረ ይጎበኛል። እዚያ ውስጥ ከወደቁት መላእክት አንዱ ሚካኤልን የተሰወረውን ስም አሳየኝ ሲል ይጠይቀዋል። ሰማይ የጸናበትን ስም፣ ባሕር የተመሠረተበትን ስም። ይህን የአብነት ተማሪ በቁራሽ እንጀራ እየኖረ ያነበው ነበር። እኔ ግን የአማርኛ መምህርት ሆኜ፣ የስም ኀይል የሚባለውን ነገር ለማድነቅ የፈረንጅ መጽሐፍና የተሰበረ እግር አስፈለገኝ!

ካሳስ? የቋራው ካሳ? ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ በጽድቅም ይገዛል ይላል። ሕዝቡ ያንን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። በ1847 ዓ.ም. ካሳ ደረስጌ ማርያም ሲቀባ በእናቱ ቤት ስሙ አልነገሠም፤ ሕዝብ ሲጠብቀው የኖረውን ስም ለበሰ። ጦሩን አስቡት፣ መድፉን አስቡት፤ ከሁሉ በፊት ግን ያነሣው ስም ነው። ከዚያም የፈረሱን ስም ደርቦ አባ ታጠቅ ተባለ። ይህን ደራሲ ቢፈጥረው «የማይመስል ነገር» እንል ነበር።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እስካሁን ያልኩት መንደርደሪያ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተማሪዎች የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ተደርጎ ነበር። ማን እንዳዘጋጀው ይቅር። ዳኞቹ ሦስት ነበርን። ከሠላሳ በላይ ጽሑፍ መጣ፤ ከነዚያ መሃል አንዱ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሥራ ነበር፤ ከጎርጎራ በኩል የመጣች፣ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር። ታሪኩ ስለ ጣና፣ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅና ስለ ልጁ ነው። ስድስት ገጽ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ የደብተር ወረቀት ላይ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሲጨርስ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና አስተያየቱን አስጻፈን። አንደኛ፣ «ከእውነታ የራቀ»። ሁለተኛ፣ «አገራዊ ይዘት የሌለው፣ የውጭ ተጽዕኖ ያለበት»። ሦስተኛ፣ ይህን ልብ አድርጋችሁ ስሙ፣ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ስም የለውም፤ ይህ መሠረታዊ የአጻጻፍ ጉድለት ነው»።

የውጭ ተጽዕኖ! ጣና የማን አገር ነው? ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከየት ነው የሚመጣ? አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ከተማ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ቁልቁል እያዩን ያስቀደስን ሰዎች፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል ሥላሴን ንብ ሠራዊት ሆና አዳነቻት እያልን ለልጆቻችን የምንነግር ሰዎች፣ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ቤት የፈረስ መቃብር ናት ብለን ለእንግዳ የምናሳይ ሰዎች፣ አንዲት ልጅ ሐይቅ ሰው ይጠራል ብትል «ከእውነታ የራቀ» እንላታለን? የንቡን ነገር ተረት ነው አላልኩም፤ እንዳታጣሉኝ። እምነት ሲሆን ያከበርነውን፣ ልጅ በድርሰት ስትሠራው ለምን እናፍርበታለን ነው ጥያቄዬ። ደግሞ እኮ ልብ ወለድ ብለን የምንጠራው ቃል ራሱ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተመው መጽሐፍ ርእስ የመጣ ነው። ሴት ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ አገር ለአገር የምትዞርበት፣ አጋጣሚ በአጋጣሚ ላይ የሚደረብበት፣ ከዜና ይልቅ ለተረት የሚቀርብ ታሪክ ነው። በኩሩ ይህ ሆኖ ሳለ፣ «እውነታ፣ እውነታ» እያልን ልጆች የምንገርፍበትን አለንጋ ማን ሰጠን? ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ማለት ነው። ዐይን ያየውን ብቻ የሚፈልግ ቃለ ጉባኤ ያንብብ!

እዚህ ጋ ታጨበጭባላችሁ ብዬ ወረቀቴ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ቆዩ፣ አታጨብጭቡ። ሦስት ነበርን ብያችኋለሁ። ሰብሳቢው «ይውደቅ የምትሉ» ሲል እጄን አውጥቻለሁ።

ለምን? ሰብሳቢው ታላቄ ነበር፣ አስተማሪዬም ነበር። ደግሞ ቀኑ መሽቶ ነበር፤ ምሳም አልበላንም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ምክንያት ግን አይሆንም። እውነተኛው ምክንያት ክረምት ላይ ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት መልስ ነው። አስማተኛና ዘንዶ ያለበት ነገር ጭንቅላቱ ለታመመ ወይም ለልጅ ነው ብዬ አምን ነበር። ታሪኩ ደስ ብሎኝ ሳለ ደስ ማለቱ አሳፈረኝ። አንደኛ የወጣው ስለ አንድ ትጉህ ተማሪ ነበር፤ ድህነትን አሸንፎ መሐንዲስ ይሆናል፣ ድልድይ ይሠራል፣ እናቱ ታለቅሳለች። ድልድዩን አሁን የሚያስታውስ የለም፣ ደራሲው ራሱ ጭምር፤ ባለፈው ፒያሳ አግኝቼው ጠይቄዋለሁ።

የወደቁት ጽሑፎች ይጣሉ ሲባል የሷን ስድስት ገጽ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሌብነት ይሁን ጸጸት አላውቅም። ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ያቺ መጽሐፍ ዘንድሮ ደረቴ ላይ ስትቀመጥ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። በክራንች እየዘለልኩ ሄጄ፣ የሠርግ ፎቶዎችንና የእናቴን ቀሚስ አውጥቼ፣ ከሥር አገኘሁት። ቢኩ ደብዝዟል፤ ይነበባል። ተቀምጬ ሳነበው፣ ያኔ «መሠረታዊ ጉድለት» ያልነው ነገር የታሪኩ ልብ እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው ስም የሌለው የተረሳ አይደለም። በሃያ ዓመት ዘግይቶ ገባኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚያው መጽሐፍ። ልጁ በትዕቢቱ ከባድ ጥፋት ይፈጽማል፤ ፊቱ ጠባሳ ይሆናል፣ ጓደኞቹ ይሸሹታል፣ እሱም ራሱን ይጠላል። ጥቁሩ ጓደኛው ሊሰናበተው ሲመጣ ስጦታ አላመጣለትም። እውነተኛ ስሙን ነገረው፣ በቃ። (አዎ፣ ጥቁር ነው፤ ባለታሪኩም ጠይም ነው። አታሚዎች ሽፋኑ ላይ ነጭ እያደረጉ ሲስሉት ደራሲዋ ስታማርር ነው የኖረችው። «ፋንታሲ የፈረንጅ ነው» ለምትሉኝ ነው ይህን የምነግራችሁ።) እኔ ያን ገጽ ሳነብ አለቀስኩ። ጎረቤቴ እግሬ ያመመኝ መስሏት አጥሚት ይዛ መጣች።

ስለ ግጥም እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። የማኅበሩ ወጣቶች የግጥም ደብተራችሁን ሰጥታችሁኝ ነበር፤ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ስለ አገር ነው፤ «እማማ» እና «ደማችን» በዝቷል፤ ቤት ለመምታት ስትሉ ያልሞተ ሰው ገድላችኋል። ግን በእርሳስ የተጻፈች፣ ባለቤቷ ያልፈረመባት፣ አንዲት ሁለት መስመር አለች፦

አንተ የምትለኝ ሰው፣ ስሜን አያውቀውም፤
እናቴ ናት እንጂ፣ ሌላው አይጠራውም።

ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ስሙን ያልጻፈበት ዐውቆ ከሆነ ቅኔ ቤት ባይገባም ገብቶታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ወርቁን ከሰሙ ሥር ይቀብርና የሚቆፍረውን ይጠብቃል። ሁለት መስመር እንደሚበቃ ሊቃውንቱ ከኛ በፊት ያውቁ ነበር። የቀራችሁት ቀንሱ፣ ቀንሱ፣ ቀንሱ።

ለአስተባባሪዎቹ ደግሞ፦ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ተረትና ፋንታሲ የሚቀመጠው ከታች፣ ሕፃናት መደርደሪያ ላይ፣ ከማቅለሚያ ደብተር ጋር ነው። ከፍ አድርጉት። ጉልበቴ አይታጠፍም። የሚቀጥለው ዓመት የድርሰት ውድድር ላይ ዳኛ ሁኚ እንደምትሉኝ ሰምቻለሁ፤ አልሆንም። ጸሐፊ ብታደርጉኝ ግን ቡናውን አፈላለሁ፣ ጽሑፎቹንም ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ልጅቱን አገኘኋት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ አዘዞ ሱቅ አላት። ወረቀቱን ሳሳያት ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው፤ «እጄ ያምር ነበር» አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እርስዎም እዚያ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚህ በላይ የሚያም ነገር አልነገረችኝም። ዛሬ እዚህ ላነበው ፈቀደችልኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ከለከለችኝ። ስሜን እንዳይጠሩት አለች።

የመጀመሪያውን ገጽ ነው የማነበው። ከኋላ ያላችሁ፣ ትሰማላችሁ?

«አባቴ ታንኳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙን ያወልቃል። ጋቢውን እንደሚያወልቅ ነው የሚያወልቀው። ከዚያ ‹ያዢልኝ› ይልና አፌ ውስጥ ያስቀምጥልኛል። ሐይቁ ስሙን የማያውቀውን ሰው መጥራት አይችልም፤ ያልተጠራ ደግሞ አይሰምጥም። እስኪመለስ ድረስ አፌን አልከፍትም። ውሃ አልጠጣም፣ እንጀራም አልበላም። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ሲያልፉ ‹ይች ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?› ይላሉ፤ ዝም እላለሁ። የአባቴ ስም ጨው ጨው ይላል። ማታ ታንኳው ደንገሉን እየገፋ ሲመጣ ወደ ዳር እሮጣለሁ። መዳፉን አገጬ ሥር ይዘረጋል፤ እኔም ቀስ ብዬ አስቀምጥለታለሁ።

«ዛሬ ግን ጉንዳን እግሬን ነከሰኝ።»